ሰባተኛው ሳጥን

ጦርነቱ ባበቃ በስምንተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት በናቤታ ባቡር ጣቢያ የነበርነው እነዚህ ነን፤ አያቴ ቶሜ፣ እናቴ ፉሳኖ፣ የቤተ መቅደሳችን መነኩሴ አባ ጁንካይ፣ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት የሚሠራው ኤይጂ፣ ከቶኪዮ የመጡ ሃያ ያህል የፊልም ሰዎች፣ ከእነሱም መካከል የፊልሙን ዕቃ የሚያዘጋጀው ኩማጋይ፣ እና እኔ ኢሳኦ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሌሎችም የመንደሩ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ያዩትን ዛሬም እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ስለሚያወሩት እዚህ አልቆጥራቸውም።

እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ልጅም ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ። ያን ጠዋት ግን በዕድሜዬ ከተናገርኩት ሁሉ በላይ ጮኼ ተናገርኩ፤ የተናገርኩትም እውነት ነበር፤ አንድም ሰው አልሰማኝም።

ፊልሙ ስለ ጦርነቱ ከተጻፈ ልቦለድ የተወሰደ ነው አሉ። መጽሐፉን ከመንደራችን ያነበበው መምህራችን ብቻ ሲሆን፣ ስለ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ስለ እግር ጉዞ» ብቻ ይላል። ጣቢያችን የተመረጠው ከጦርነቱ ወዲህ ቀለም ነክቶት ስለማያውቅ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ግን በጽዳቱ የተመረጠ መስሎት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያስጠርገው ነበር፤ የፊልሙ ሰዎችም በየቀኑ ሁለት ጊዜ ተመልሰው አቧራ ይበትኑበታል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኩማጋይ በትምህርት ቤታችን ግቢ ሰባት የእንጨት ሳጥኖች ሣሩ ላይ ደርድሮ፣ የሚጠቀለሉበትን ነጭ ጨርቅ በርሜል ሙሉ ሻይ ውስጥ ይነክር ነበር። ቀጭን፣ ፊቱ ቢጫ፣ በብርድም የሚያልበው ሰው ነው። ከአንገቱ ላይ በክር የተንጠለጠለች የጣት ቁመት ያላት የጨርቅ ከረጢት ነበረችው። የትንባሆ መያዣ መሰለችኝ፤ ሲጋራውን ግን ከኪሱ ነበር የሚያወጣው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ አየሁት።

«በል ጠይቅ» አለኝ ቀና ሳይል። «ዓይንህ ጀርባዬን በሳው።»

«ጋሼ፣ ጨርቁን ለምን ሻይ ያጠጡታል?»

«ፊልማችን ጥቁርና ነጭ ነው። ነጭ ጨርቅ እዚያ ላይ እንደ አምፖል ያበራና የሰዉን ፊት ይውጠዋል። ሻይ የጠጣው ግን ነጭ ሆኖ ይታያል።»

«ግን እኮ ቡናማ ሆነ።»

«ላንተ ነው ቡናማ የሆነው። ለካሜራው ነጭ ነው።» ጨመቅ አድርጎ ገመዱ ላይ ሰጣው። «እዚህ ሥራ ውስጥ እውነት ለመምሰል ትንሽ መቆሸሽ ያስፈልጋል፣ ማሙሽ።»

ከዚያ ልምምዱን ለማየት ወደ ጣቢያው ተከትዬው ሄድኩ። ትዕይንቱ እንዲህ ነው፤ ሰባት ወጣት ወታደሮች የሞቱ ጓደኞቻቸውን አጥንት በነጭ ሳጥን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከባቡር ይወርዳሉ፤ የመንደሩ ሴቶች ጥቁር ለብሰው አንገታቸውን ደፍተው ይቀበሏቸዋል። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ዳይሬክተሩ ግን ተናደደ።

«ምሳችሁን ነው እንዴ የተሸከማችሁት? ሰው እኮ ነው! አንገታችሁ ላይ ያለው ሰው ነው!»

ከሰባቱ እንደ አንዱ የተመለመለው ኤይጂ ከኋላ «ጌታዬ፣ ባዶ ሳጥን ነው የሰጡን» አለ፤ ሴቶቹ ሳቁ።

«የእውነቱም ቀላል ነበር» አለ ኩማጋይ በቀስታ።

«ምን አልክ?»

«ምንም። አሸዋ እጨምርበታለሁ።»

«አሸዋ ምን ያደርግልኛል? ፊታቸው ላይ ነው የጎደለው። ከሰባቱ አንዱ እንኳ የእውነት ቢሆን ሌሎቹ ከእሱ ይማሩ ነበር።»

ይህን ሰማሁ። የእውነት የሆነ አንድ ሳጥን እንደሚፈልግ ገባኝ፤ እኛ ቤት ደግሞ ነበር።

አባቴን ሶኪቺን አላውቀውም። ስወለድ ፊሊፒንስ ነበር። የተመለሰው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በነጭ ሳጥን ነው። አያቴ ለሙታን በምንጸልይበት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው፣ በየጠዋቱ ከሁላችንም በፊት ትኩስ ሩዝ በትንሽ ሳህን ታቀርብለታለች። በየዓመቱ መጨረሻ ቤት ሲጸዳ አውርዳ አቧራውን ትጠርግለታለች፤ ዘንበል ስታደርገው ከውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። «ሰላም እያለህ ነው» ትለኛለች። እኔም «ሰላም ነኝ» እላለሁ። ፎቶግራፉ አንድ ብቻ ነው፤ ብዙ ወታደሮች አብረው የተነሱት፣ የደበዘዘ። አያቴ ከግራ ሦስተኛው ነው ትላለች፤ እናቴ አራተኛው ነው ትላለች።

ስለዚህ ማክሰኞ ማለዳ አያቴና እናቴ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ከሴቶቹ ጋር ሊሰለፉ ሲወጡ እኔ ወደኋላ ቀረሁ። ሳጥኑን አውርጄ በእናቴ የዕቃ መጠቅለያ ጠቀለልኩት። ስምንት ዓመት ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ አሁን ፊልም ውስጥ ይገባል፣ አገር በሙሉ ያየዋል ብዬ አሰብኩ። ስሮጥ ከውስጥ ቋ ቋ ይል ነበር። ደስ ብሎት መሰለኝ።

ጣቢያው ውስጥ ሰባቱ ሳጥኖች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ነበር። ጫፍ ላይ ያለውን አንስቼ የኃላፊው አግዳሚ ወንበር ሥር ደበቅሁና የእኛን በቦታው አስቀመጥኩ። የስምንት ዓመት የዕጣን ጭስ ጨርቁን አቅልሞት ስለነበር ሻይ ከጠጡት አይለይም። ከዚያ አጠገቡ ቆምኩ። ኩማጋይ መጣ፣ በጣቱ ከሩቅ እስከ ሰባት ቆጠረ፣ ሄደ። አልነካውም። ቀረጻው እስኪጀመር ዓይኔን ከሳጥኑ ላይ አላነሳሁም። ይህ ኋላ ብቸኛው ማስረጃዬ ሆነ።

የእኛ የደረሰው ለኤይጂ ነው፤ ተዋናይ ስላልሆነ መጨረሻ ላይ ተሰልፏል።

«አንተ ዝምተኛ» አለኝ ጨርቁን አንገቱ ላይ እያሰረ፣ «ምን ታፈጥብኛለህ? አምሮብኛል?»

«በደንብ ያዘው።»

«ኧረ! ተናገረ! እናንተ ሰዎች፣ ኢሳኦ አፍ አወጣ!»

ባቡሩ አጨሰ። ካሜራው መንጫጫት ጀመረ። ሰባቱ በሴቶቹ ፊት በቀስታ አለፉ። አያቴ ከፊተኛው መስመር ነበረች። ኤይጂ ፊቷ ሲደርስ ዳይሬክተሩ እንዳስጠናት አጎንብሳ እጅ ነሳች፤ ሳታውቀው ለልጇ ነበር እጅ የነሳችው። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ያቺን ደቂቃ ብቻ ነው ከዚያ ቀን ያለ ንዴት የማስታውሳት።

ቀጥሎ ኤይጂን ካሜራው የሚንሸራተትበት ሐዲድ አሰናከለው። በግንባሩ ተደፋ። ሳጥኑ ከአንገቱ ወጥቶ ተንከባለለ፤ ጨርቁ ተፈታ፣ ክዳኑ ተነሳ፣ ከውስጡ የእንቁላል መጠን ያለው ግራጫ ድንጋይ ወጥቶ እየተሽከረከረ ሄዶ አያቴ ጫማ ጋ ቆመ።

«ቁረጥ!» አለ ዳይሬክተሩ።

ኤይጂ ክርኑን ይዞ «ድንጋይ አሸክመውኝ ነው እንዴ?» ሲል ሰዎች ሳቁ። እኔ ተመልካች እንዳያልፍ በተወጠረው ገመድ ሥር ሾልኬ ሮጥኩ። ሳጥኑ ውስጥ እጄን ከተትኩ። ባዶ ነው። አራቱንም ማዕዘን ዳሰስኩ።

«አባቴስ? አባቴ የት ሄደ?»

ሳቁ ቆመ። አያቴ ጎንበስ ብላ ክዳኑን አነሳች። ላዩ ላይ በቀለም የተጻፈውን አነበበች። «ይህ የሶኪቺ ነው» አለች፣ ልጇ የረሳውን ባርኔጣ ያገኘች ያህል ዝግ ብላ። ድንጋዩን አየች። ከዚያ ቀና ብላ አባ ጁንካይን አየች። አባ ጁንካይ ጣሪያውን አዩ። እናቴ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። ጥቁር የለበሱት ሴቶች ሁሉ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር፤ ካሜራው ግን ቆሟል።

ያኔ የማላውቀውን አሁን አውቃለሁ። ወደ መንደራችን አሥራ አንድ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች መጥተዋል። ከፍተው ያዩ ሚስቶች አሉ፤ ያልከፈቱ እናቶች አሉ። ያዩት ላላዩት አይናገሩም፤ ያላዩትም ያዩትን አይጠይቁም። ማንም ሳይደነግገው ሁሉም የሚጠብቀው ሕግ ነበር። እኔ በአንድ ጠዋት ሕጉን ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ በሰው ሁሉ ፊት ዘረገፍኩት።

ኩማጋይ ከካሜራው ኋላ መጣና አያቴ ፊት ተንበረከከ። ግንባሩን ጠጠሩ ላይ አሳረፈ።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠዋት ስቆጥር አንዱ የእውነት መሆኑን አየሁ። ውስጡ ያሉትን ሰው ለፊልም ማንገላታት ነውር መሰለኝ። በክብር አውጥቼ ለአባ አደራ ሰጠኋቸው፤ ክብደት እንዲኖረው ድንጋይ ጨመርኩበት። ሳላስፈቅድዎ ነው ያደረግሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

«ለአባ?» አለች አያቴ። «እውነት ነው፣ አባ?»

አባ ጁንካይ በዳማ ጨዋታ ካልሆነ በቀር ሲዋሹ ተይዘው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቤተ መቅደስ ናቸው» አሉ። «ነገ ጸሎት አድርጌ አመጣቸዋለሁ።»

«ውሸት ነው!» አልኩ። «አልነካውም! እኔ ነኝ ከቤት ያመጣሁት! አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ዓይኔን አላነሳሁም! ውሸታም! አባቴን ሰርቆ ነው!»

ኩማጋይ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ዝም እንድልለት የሚለምን ይመስል ነበር። ሰርቆ የተያዘ ሰው እንዲህ ነው የሚያየው ብዬ ይበልጥ ጮኽኩ። «አያቴ፣ ስሚኝ እንጂ! እሱ ከሩቅ ቆጥሮ ነው የሄደው!»

የእናቴ እጅ አፌ ላይ ገጠመ። ነከስኳት። አልለቀቀችኝም። እንደያዘችኝ፣ እኔንም አብራ እየደፋች፣ ለዚያ ሰው ወገቧ እስኪታጠፍ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። አባቴን የወሰደውን ሰው! ጣቶቿ መካከል መተንፈሻ ፈልጌ ስታገል ያየሁት ጠጠሩ ላይ ያረፈውን የሱን ጉልበት ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። «ኩማጋይ! የሰው አጥንት ሳታስፈቅድ ነካህ? በእኔ ፊልም ላይ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ሰባት ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ያለ ሰው መሆንህን አላወቅሁም። ነገ በመጀመሪያው ባቡር ትሄዳለህ። ወደ እኔም እንዳትመለስ።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

ይህ ብቻ ትንሽ አበረደኝ። ትልቅ ሰው ቀጣው ብዬ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ እጇን በጨርቅ አስራ ወደ ቤተ መቅደሱ ወሰደችኝና ደረጃው ላይ አስቀመጠችኝ። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል» ብላ ገባች። በሩ ላይ ሦስት ጥንድ ጫማ ነበር፤ የአባ፣ የእናቴና የዚያ ሰው። በወረቀቱ በር በኩል ድምፃቸው እየተቆራረጠ ይሰማኛል።

«...የዶሮ አጥንትም ቢሆን» ይላሉ አባ ጁንካይ።

«አይሆንም» ትላለች እናቴ። «ሩዝ እኮ ነው የምታቀርብለት።»

 ከዚያ የኩማጋይ ድምፅ፦ «...የምሰጠው ዘመድ የለም። ቶኪዮ በቦምብ ስትቃጠል ሁሉም... ስምንት ዓመት ይዤው ስዞር...» ቀጥሎ የሚለውን አልሰማሁም። ከዚያ፦ «ጠዋት ጠዋት ሩዝ ይኖራል?»

«በየቀኑ» አለች እናቴ። «ትኩሱን። ከሁላችን በፊት።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። አባቴን ሰርቆ ሲያበቃ ጭራሽ ቁርስ ይደራደራል! እናቴም ትስማማለች! ከእኛ ሩዝ ላይ! በሩን በሁለት እጄ እየደበደብኩ አለቀስኩ። «ሩዝ እንዳትሰጪው! ለሌባ እንዳትሰጪው!» እናቴ ወጣች። ፊቷ እርጥብ ነበር። ክንዴን ይዛ እየጎተተች ወደ ቤት ወሰደችኝ። መንገድ ላይ ቆም ብላ፣ «ለአያትህ ስለ ዛሬው ነገር አንዲት ቃል ብትተነፍስ አንላቀቅም» አለችኝ።

«እውነቱን እኮ ነው የተናገርኩት።»

«አውቃለሁ» አለች። ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አናደደኝ። ካወቀች ምን ቀራት?

ረቡዕ ጠዋት አባ ጁንካይ ሳጥኑን በአዲስ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ክዳኑን በምስማር መትተው አመጡ። አያቴ በሁለት እጇ ተቀበለች። ዘንበል አደረገችው። ከውስጥ የመጣው ድምፅ እንደ ድሮው «ቋ» አይደለም፤ ቀጭን፣ ደረቅ ነበር። እንደገና ዘንበል አደረገችው። እናቴ መተንፈስ አቁማ ታያታለች።

«ከስቷል» አለች አያቴ በመጨረሻ። «መንገድ ያከሳል።» ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለሰችውና ሩዝ ልትጨልፍ ሄደች።

እኔ ድንጋዩን ከጣቢያው አንስቼ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። ማስረጃ ነው። ግን የማሳየው ሰው አጣሁ። የመጀመሪያው ባቡር ሲያፏጭ ሮጬ ወረድኩ። ኩማጋይ ብቻውን ሻንጣውን ይዞ ቆሟል፤ የሸኘው ሰው አልነበረም። ኮሌታው ተከፍቶ አንገቱ ይታያል፤ ያቺ ከረጢት አልነበረችም። ይህን አየሁ፤ ማየት ብቻ ነው ግን።

«ሌባ!» ብዬ ድንጋዩን ወረወርኩ። ትከሻውን መታው።

ጎንበስ ብሎ አነሳው። አገላብጦ አየው። ይወረውርብኛል ብዬ ራሴን በክንዴ ሸፈንኩ። እሱ ግን መሀረቡን አውጥቶ ድንጋዩን ጠቀለለና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ እኔ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስል ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶኝ ባቡሩ ላይ ወጣ። ማስረጃዬንም ይዞብኝ ሄደ እያልኩ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ፊልሙ በተከታዩ ዓመት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ታየ። ትዕይንቱን በባዶዎቹ ሳጥኖች እንደገና ቀርጸውት ነበር። አያቴ የመጨረሻው ሳጥን ሲያልፍ በወንበሯ ላይ ሆና እጅ ነሳች። «የእኛ እኮ አይደለም» ልላት አፌን ስከፍት እናቴ እግሬን ረገጠችው።

አያቴ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሞተች። በአርባ ዘጠነኛው ቀን አመዷን በቤተሰቡ መቃብር ስናኖር ሳጥኑንም አብረን አኖርን። ከመቃብር ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ነገረችኝ። ሳጥኑ የመጣ ዕለት፣ አያቴ እርሻ ሳለች፣ ከፍታ አይታዋለች። ድንጋዩ ብቻ ነበር። መንግሥት የላከው ድንጋይ። ኩማጋይ ደግሞ ፊሊፒንስ ውስጥ አብሮት የነበረ ጓደኛው ሲሞት አንድ ጣቱን ቆርጦ አጥንቱን ለቤተሰቡ ሊያደርስ ይዞ ተመልሷል፤ የሚቀበለው ሰው ግን በሕይወት አላገኘም።

«ስሙ ማን ነበር?» አልኳት። «አያቴ ዘጠኝ ዓመት ሩዝ ያቀረበችለት ሰውዬ?»

«ልጠይቀው አፌን ስከፍት አንተ በሩን ትደበድብ ጀመር። ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም።»

 «አያቴስ ታውቅ ነበር?»

«እኔ እንጃ። አልጠየቅኋትም። እሷም አልጠየቀችኝም።»

በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ጻፍኩ። ትምህርቴ ብዙ ስላልሆነ አራት ጊዜ አርሜ ገለበጥኩት። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የጓደኛውን ስም እንዲነግረኝም ለመንኩት፤ መቃብራችን ላይ እንዲቀረጽ። አድራሻውን ስለማላውቅ ለፊልም ድርጅቱ ላክሁት።

ድርጅቱ በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤዬን ሳይከፍት መለሰልኝ። ኩማጋይ የተባለው ሠራተኛ ለቀረጻ በወጣበት ቦታ በፈጸመው ጥፋት ከዘጠኝ ዓመት በፊት እንደተሰናበተና አሁን የት እንዳለ እንደማያውቁ የሚገልጽ ወረቀት ተያይዞበት ነበር። በዚያ ነሐሴ፣ በሙታን በዓል፣ አባ ጁንካይ መቃብራችን ላይ የአያቴንና የአባቴን ስም አነበቡ።